አባቷን የላጨችበት ቀን

«አንቺ ልጅ፣ አስቀምጪው ብያለሁ!» አጎቷ በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘጋው። «ሰው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። መኪናው መጥቷል። ፊቱን ብትቆርጪው ምን ልንል ነው?»

«አልቆርጠውም ጋሼ።»

«እጅሽን እዪው እስቲ!»

አየችው። ምላጩ ላይ ያረፈው የመስኮቱ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይርገፈገፋል።

አባቷ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ሕክምና ቤት በተኛበት ጊዜ ሁሉ የሚላጨው አጥቶ፣ ፂሙ ተንጨባሮ ጉንጩን ውጦታል፤ ሌላ ሰው አስመስሎታል። ዕድሜውን በሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከመክፈቱ በፊት መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ይላጭ ነበር እንጂ፣ ፂሙ አድጎ ያየው ሰው አልነበረም።

ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ አገጭ በጣቷ ታውቀዋለች። ያልነካችው አንድ ፊት ብቻ ነው። «ላላጭህ አባዬ» ስትለው፣ «የኔ ፈሪ፣ እኔ ጋ ስትደርሺ እጅሽ ይደነግጣል» እያለ ይስቅባት ነበር። ታሞ ሲተኛም ምላጩን በቦርሳዋ ይዛ ትሄድ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታወራው ትቆይና ቦርሳዋን ሳትከፍት ትመለሳለች። አሁን የሬሳ ሳጥኑ ከተከደነ ሌላ ቀን የለም። የምትሰናበተው ይህንን የማታውቀውን ፊት ሊሆን ነው።

«ጋሼ» አለች፣ «እንዲህ ሆኖ አይሄድም።»

አጎቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የወንድሙን ሞት መንገድ ላይ ሰምቶ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር የመጣ። ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ፊት አየ።

«እንግዲያው ቶሎ በይ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አረፋውን መትታ በብሩሽ ቀባችው። የቀዘቀዘ ቆዳ እንደ ሕያው ቆዳ አይታዘዝም፤ ምላጩን ይይዘዋል። ከቀኝ ጆሮው ሥር ጀምራ ወረደች። ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ፤ እጇ ዘለለ። ትንፋሿን ውጣ ጎንበስ ብላ አየች። አልተቆረጠም። የጎደጎደው ጉንጩ ላይ ስትደርስ ግን ምላጩ መሄጃ አጣ። ይሄኔ አፏ፣ እሷ ሳታዘው፣ ለደንበኛ ሁሉ የምትለውን አለ።

«ጉንጭዎን ነፋ ያድርጉልኝ።»

አጎቷ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ምን አልሽው?»

ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«በደህናው ጊዜ የሰው ትእዛዝ ሰምቶ የማያውቅ ሰውዬ፣ ዛሬ ሊሰማሽ ነው?» ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። ሳይጨርሰውም ልቅሶ ሆነበት። አፉን በመዳፉ አፍኖ ቆየ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና ከአልጋው ማዶ ተንበረከከ፤ በወፍራም አውራ ጣቱ የወንድሙን ጉንጭ ወደ ጆሮው ሳብ አድርጎ ወጠረው።

«እንዲህ ነው?»

«ትንሽ ወደ ላይ። አዎ፣ እንደሱ።»

ጉንጩ ጠራ፤ ቀጥሎ አገጩ፣ ቀጥሎ ጉሮሮው። ከአረፋው ሥር የምታውቀው አባቷ ቀስ በቀስ ብቅ አለ። በሩ ተንኳኳ።

«መጣን!» ብሎ ጮኸ አጎቷ።

የአባቷን ፊት ለብ ባለ ፎጣ ጠረገችው። ከዚያ ምላጩን እንደገና አነሳች።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ጆሮ ግንዱ ላይ ያለው ፀጉር እኩል አይደለም። የቀኙ ዝቅ ብሏል።»

የቀኙን ነካ አደረገችው። ከዚያ የግራውን። ተመልሳ ደግሞ የቀኙን። አጎቷ አንገቱን አዘንብሎ ወንድሙን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ።

«እኩል ነው የኔ ልጅ።»

«በደንብ ይዩት ጋሼ።»

«አየሁት እኮ። እኩል ነው።»

እሷም ታውቅ ነበር። ምላጩን ካስቀመጠች ግን ለአባቷ የምትሠራለት ሌላ ሥራ አልቀረም። በሩ እንደገና ተንኳኳ። አጎቷ በዚህኛው አልመለሰም፤ ጠበቃት።

ምላጩን አጥባ አደረቀችው፤ አጠፈችው። ጎንበስ ብላ ጉንጯን ጉንጩ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነበር፤ ለስላሳም ነበር። በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው፤ አጎቷ አልሰማም፣ ምን እንዳለችውም አልጠየቃትም። ከዚያ ቀና አለች።

ሄዳ በሩን ራሷ ከፈተችው።

«ግቡ» አለች።