ከብርካዬ በላይ ያለው ድንጋይ

ባሌ እንደሞተ ታናሽ ወንድሙ የግቢያችንን ላይኛውን ግማሽ ወሰደ። «ለወንድሜ ልጆች እጠብቀዋለሁ» አለ፤ ሽማግሌዎቹም «መልካም» አሉት። ልጆቼ ናይሮቢ ነበሩ። ጠብቅልን ብለው የለመኑት መቼ እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ለእኔ የታችኛው ጫፍና ብርካው ቀረልኝ። ብርካ የምንለው መሬት ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በእርሱ ሻይ ቤቴን አሠራለሁ፣ የተረፈውን በጀሪካን እሸጣለሁ። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ውሃ ያላት ሴት የማንንም እጅ አታይም። ችግሩ ከላይ የሚወርደው ሁሉ ወደ እኔ መውረዱ ነው።

አስፋልቱ ከናይሮቢ ወደ እኛ እየቀረበ ሲመጣ ዋርሳዬ፣ ያው የባሌ ወንድም፣ የከባድ መኪና አሮጌ ባትሪ እየገዛ እርሳሱን ማቅለጥ ጀመረ። እርሳሱ ተጭኖ ይሄዳል። ከምድጃው ሥር የሚቀረው፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጨው ጥቁር አር ግን ከአጥሬ ጥግ ይከመራል።

«ይህን ነገር አንሳልኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው! ድንጋይ ይሟሟል? ስኳር መሰለሽ እንዴ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው የዝናብ ወራት የእርሱ ፍየሎች ታመሙ። ጥርሳቸውን እያፋጩ፣ ባሉበት እየዞሩ፣ ግድግዳ እየገጩ ሞቱ። ሚስቱ ለጎረቤት ምን እንዳለች በዚያው ቀን ሰማሁ፦ «ትናንት አጥር ላይ ቆማ ስታያቸው ነበር።» ከዚያ ወዲያ ሕፃን ያዘለች ሴት ደጄ ስትደርስ ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ትጥል ጀመር። ማን ማን እንደሆኑ አውቃለሁ።

የከተማውን ጉድጓዶች የምትመረምር ወጣት የኬሚስትሪ ባለሙያ ከናይሮቢ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከእኔም ብርካ ውሃ ቀዳች፣ ከክምሩም ድንጋይ ወሰደች። ስትመለስ ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«ማማ፣ ከዚህ ውሃ አትጠጪ፤ ለማንም አትስጪ። እርሳስ አለበት።»

ክዳኑን ቆለፍኩ። ሻይ ቤቱም አብሮ ተዘጋ። ብርካው ካልዳነ ዋርሳዬ ደጅ ጀሪካን ይዤ ልቆም ነው፤ ከዚያ መሞት ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷን ያስገረማት ግን ሌላ ነው። ድንጋዩን በዝናብ ውሃ ብትዘፈዝፈው የለቀቀው እርሳስ ከቁጥር አይገባም። የቀለጠው ሲቀዘቅዝ እርሳሱ ድንጋዩ ውስጥ ይታሰራል፤ ዝናብ ብቻውን በቀላሉ አይፈታውም አለችኝ። የሚፈታው ኮምጣጣ ነገር ነው።

«እላዩ ላይ የሚደፋ ኮምጣጣ ነገር አለ?»

የዋርሳዬ ሚስት ጠላ ትሸጣለች። አተላውን መሬት ላይ ብትደፋው ይጨቀያል፣ ዝንብ ይጠራል፤ ስለዚህ ጠላ በጠመቀች ቁጥር የምትደፋው ድንጋዩ ላይ ነው። በየጎድጓዳው የሚጠራቀመውን ፍየሎቹ ሲልሱ ይውላሉ። የቀረው በዝናብ ታጥቦ ወደ ብርካዬ ይወርዳል። ባልየው ድንጋይ ነው ያለው ውሸት አልነበረም። ሚስቱ ምን እንደምትደፋበት አላየም፤ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተጠሩ። ልጅቷም መጣች።

«ይጠረግና ይጣል» አሉ አንዱ።

«ሲጭኑት አቧራው ከተማውን ይበክላል» አለች ልጅቷ። «እዚያው ይቆይ። አጥንት አቃጥላችሁ አመዱን ከሥሩ ካለው አፈር ጋር ደባልቁት። ያመለጠው እርሳስ ከአጥንቱ ጋር ሲገናኝ ከፊተኛው የጠነከረ ማዕድን ይሆናል። ከላይ ደህና አፈር ይልበስ። ብቻ ኮምጣጣ አይንካው።»

«በእመቤቴ፣ ከእንግዲህ ጠብታ አልደፋም!» አለች ሚስቱ።

«ትደፊያለሽ» አልኳት። «እጅሽ ለምዷል። አፍሽም እንደዚያው ነው።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። እኔ ቀጠልኩ፦ «የሚጠብቀው የብርካው ባለቤት ነው። አጥሩ ከክምሩ በላይ ይሁን።»

ክምሩ ሽቅብ አድጎ ስለነበር ከክምሩ በላይ ማለት የወሰደው መሬት አብዛኛው ማለት ነው። ዋርሳዬ ብድግ አለ። «ያ እኮ የኔ…»

«የማን?» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ «ለወንድሜ ልጆች» ያለውን አስታወሱት። እርሱም «መርዙን የፈለገ ይውሰደው» አለ። ወሰድኩት።

አጥንቱ ከቄራ መጣ። እርጥብ ጨርቅ አፋችን ላይ አስረን ደባለቅነው፣ አፈር አለበስነው። ብርካውን አሳጥቤ አዲስ ዝናብ ጠበቅሁ። ልጅቷ ቀድታ ሄደችና ደወለች፦ «ማማ፣ ንጹሕ ነው። ግን በየዓመቱ ይታይ።»

ክዳኑን ከፈትኩ። ነጠላ ሲጥሉ የነበሩት ሴቶች ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ ሊጠጡ መጡ። ቀዳሁላቸው፤ አብሬያቸው ግን አልቀመጥም። ልጆቼ ለበዓል ሲመጡ «እማ፣ ይህን ሁሉ ቦታ ለምን ቤት አትሠሪበትም?» ይሉኛል። ከተቆፈረ የተኛው እርሳስ ይነሣል። አጥሩን በየዝናቡ ወራት አጠብቃለሁ፣ እንጨቱ ሲበሰብስ እለውጣለሁ፤ መሬቱን ከወሰድኩ ወዲያ አንዲት ጣሳ አተላ አልገባችበትም።