መጅ ያዘለችው ሴት

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ፣ አል ሙሐመዲያ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እሠራለሁ። የቤቱ ሾፌር ያገሬ ልጅ ነው፤ ከእኛ ወንዝ ማዶ የተወለደ። ሴት መኪና መንዳት ገና አልተፈቀደላትምና ከልጆቹ ጋር የምወጣው እሱ እየነዳ ነበር። እሱ ከፊት፣ እኔና ልጆቹ ከኋላ። ጀርባውን እያየሁ ወደድኩት ብል አልዋሸሁም።

የመጨረሻ መውጫችንን፣ ኹሩጁን፣ አስመትተን አገር ገብተን ልንጋባ ተስማማን። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የእኔን ወገን ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የእሱን አባቱ ቆጠሩ። ስም ከስም አስተያዩ፤ የሚገጥም ጠፋ። «ባዳ ነው፣ አግቢው» አለችኝ አክስቴ በስልክ።

«ኸላስ፣ አለቀ፤ ባዳ ነህ» አልኩት።

«ባዳ ተብዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለኝ።

አንድ ዓርብ ወደ ኹበር ባሕር ዳርቻ ስንሄድ ትንሿ ልጅ ተረት ንገሪኝ አለች። እኔ ተረት ካሉኝ ወጡም ቢያርር ግድ የለኝም። በሰባራ ዐረብኛዬ ስለ እንጅላቴ ጀመርኩላት። በክፉ ቀን፣ ከብቱም ሰዉም ሲያልቅ፣ ልጇን አቅፋ፣ የወፍጮዋን መጅ በጀርባዋ አዝላ፣ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ መንደራችን የመጣች ሴት ናት።

«እህል ከሌለ ድንጋዩ ምን ያደርግላታል?» አለች ልጅቷ።

«እህሉ ሲመጣ መፍጫ እንዳይቸግራት ነዋ።»

መኪናው ቀስ አለ። እሱ በመስታወቱ አየኝና ባማርኛ «ይቺን ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«አክስቴ። ምነው?»

«መጅ ያዘለችው የእኛ ናት።»

«የእናንተዋም አዝላለች?» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አባቱ የቆጠሩት በክርስትና ስሟ ኖሯል፤ እነሱ ቤት ተዝካሯ ሲወጣ ቄስ ያነሱት የነበረው ያንን ስም ነውና በልጅ ልጆቿ አፍ እሱው ቀረ። እኛ ቤት የምትጠራው በዓለም ስሟ ነው። ነገሩን በስልክ ብነግራት አክስቴ ማዶ ተሻግራ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጠችና ሁለቱ ስም የአንድ ሴት መሆኑን አረጋገጠች። የእሱ ወገን አቅፋው ከመጣችውና ኋላ ማዶ ከሰፈረው ወንድ ልጅ ይወርዳል፤ የእኔ፣ መንደራችን አግብታ ከወለደቻት ሴት።

«ቆጠርን ቆጠርንና አንድ ማሕፀን ላይ ወደቅን፣ ልጄ። አምስት ቤት ነው። ወንድምሽ ነው» አለችኝ።

«አምስት ቤት!» አለ እሱ። «እዚህ አገር የአጎቱን ልጅ ያላገባ አለ እንዴ?»

እውነቱን ነው። ማዳም፣ የቤቱ እመቤት፣ ዕቃ እያጠብኩ ሳለቅስ አይታ ጠየቀችኝ፤ አገር ቤት የታጨሁለት ሰው ዘመዴ ሆኖ ተገኘ አልኳት እንጂ ሾፌሯ መሆኑን አልነገርኳትም። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለችኝ። «የእኔ ባል የአጎቴ ልጅ ነው፤ ሞትኩ?» እያለች በእጇ ተምር አጎረሰችኝ።

ለአክስቴ ይህንኑ ብነግራት «እነሱ በሃይማኖታቸው ነው። አንቺ እሱን ካገባሽ እኔ ደጅሽን አልረግጥም፤ የንስሐ አባቴም የእኔን አይረግጡም» አለችኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም። ይቅርብኝ አልኩ።

ለእሱም ነገርኩት። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጆቹን ሳስገባ «እህቴ፣ በሩን በደንብ ዝጊው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

ኹሩጁን አስመትቶ ቀድሞኝ አገር ገባ። በዓመቱ ሌላ አገባ። አክስቴ በግ ነድታ ሠርጉ ላይ ተገኘች፤ ከሙሽራው ዘመዶች ጋር ተቀምጣ በላች፣ ሙሽሮቹንም መረቀች።