ዘጠና እና መቶ አርባ

ቡራዩ ላይ ከታክሲ ወርጄ በጋራዦቹ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የዲፈረንሻል ዘይት ሽታ ይቀበለኛል፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው የሚሸተው፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፣ እኔ ግን አባቴ ከመኪናው ስር በጀርባው እየተንፏቀቀ ሲወጣ ይታየኛል።

አባቴ ኢሱዙ የጭነት መኪና ነበረው። ክረምት ክረምት ከሱሉልታ ጠጠር እየጫነ ቡራዩ ያራግፍ ነበር፤ ማታ ሰበታ፣ ቤታችን ሲገባ፣ ብርድ የጨበጠውን እጁን እሳት ላይ ዘርግቶ ስለ መኪናው ያወራን ነበር። ዲፈረንሻል ማለት የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍል፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚኖር ጥርስ መሆኑን፣ ለብርድ አገር ዘጠና ቁጥር ዘይት፣ ለሙቀት አገር ደግሞ ወፍራሙ መቶ አርባ እንደሚገባ ከሀሁ በፊት አወቅን። እማዬማ «ልጆቼ ፊደል ሳይቆጥሩ ዘይት ቆጠሩ!» እያለች ትስቅብን ነበር።

በጋ ሲገባ አባቴ ወደ አፋር እየወረደ ለሰበታ ፋብሪካ ጥጥ ያመጣ ነበር፤ የዓመት እንጀራችን ያ ጥጥ ነበር። ከመውረዱ በፊት ከሰፈራችን መካኒክ ከኦቦ ገመቹ ጋር ሆነው ዘጠናውን አፍስሰው መቶ አርባውን ይሞሉ ነበር።

አንድ ህዳር ታዲያ መቶ አርባ ከገበያ ጠፋ። አባቴ ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጥ፣ ምንም ያልተጻፈበት ዘይት በጀሪካን ይዞ መጣ፤ ሻጩ መቶ አርባ ነው ብሎታል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሳሩ ላይ ውርጩ ሳይለቅ፣ እንጨት ነክሮ ሲያነሳው ዘይቱ እንደ ማር ተንጠልጥሎ አልወርድ አለ።

«አየህ ውፍረቱን?» አለ አባቴ።

«ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ በዚህ ብርድ እኮ የሰውም ምላስ ይወፍራል» አለ ኦቦ ገመቹ። «እስኪ ፀሐይ ይምታውና እንየው።»

«ገመቹ ሙት! ዘይት ነው ወይስ በርበሬ፣ ፀሐይ ላይ የማሰጣው? ጥጡ አይጠብቀኝም።»

ሁለቱም ሳቁ፣ እኛም ሳቅን፣ ዘይቱ ገባ።

ባዶውን ሲወርድ መኪናው ምንም አላለም። ጥጥ ጭኖ ሲመለስ ግን፣ አስፋልቱ በቀለጠበት ቀትር፣ ዘይቱ ውሃ ሆኖ ጥርሱን ማለስለስ ተወ፣ ከኋላ ጩኸት ተነሳ፣ ከዚያ ጎማው ተቆለፈ። አባቴ ለእማዬ ደውሎ «ጥርሱ ተበላ። ዘጠና ነበር» አላት። ጥጡን ሌላ መኪና መጥቶ ጫነው፤ ባለጥጡም ከዚያ ወዲያ አባቴን አልጠራውም።

መኪናው ተጎትቶ መጣ። ኦቦ ገመቹ ፈታው፣ አየው፣ የእጅ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። አባቴ መለዋወጫ ይገኛል እያለ በልጉን ጠበቀ፣ ክረምቱንም ጠበቀ፤ ዝናቡ ጋቢናውን አዛገው፣ የጭነቱ ቦታ ላይ ሳር በቀለ። አደይ ሲፈነዳ ጎማዎቹ ተሸጡ፣ ቀጥሎ ሞተሩ፣ የተረፈውን ቁራሌው በሚዛን ወሰደው።

አባቴ አሁን የዚያው የጥጥ ፋብሪካ ጥበቃ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አየዋለሁ። ድሮ ጥጥ ጭኖ ሲደርስ ክላክስ ያደርግና በሩ ወለል ብሎ ይከፈትለት ነበር፤ አሁን ክላክስ ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ የሚከፍተው እሱ ነው። መኪናው ካለፈ በኋላ ትንሽ ቆም ብሎ የኋላ ጎማዎቹን ድምፅ ያዳምጣል፣ ከዚያ በሩን ይዘጋል።