የዘጠኝ ሰዓቱ ስላይድ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት መብራቱን ነው። ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከፊቴ የሚቀመጡት የላብራቶሪ ባለሙያ የሚያዩትን ስላይድ ከማይክሮስኮፑ ላይ አንስተው ሳጥኑ ውስጥ መለሱት፤ የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፉ፤ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌሎቹ ለሻይ ሲሮጡ እንኳ መብራታቸውን እንደበራ ነው የሚተዉት። እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ አጠፉ። አራት ደቂቃ ያህል ቆይተው አበሩትና ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራቸውን ቀጠሉ።

በስድስት ሰዓትም እንዲሁ። በዘጠኝ ሰዓትም እንዲሁ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ውስጥ የታካሚዎችን ስምና ውጤት መዝገብ ላይ እንድጽፍ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ፣ ጠረጴዛዬ ከሳቸው ጀርባ ሦስት እርምጃ ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ሃያ ስድስት ዓመት አክታ መርምረዋል። መስታወት ላይ ተቀብቶ ቀለም የጠጣ አክታ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ይፈልጋሉ። አንድ ቀን አሳዩኝ። ሰማያዊ ሜዳ ላይ የተበተኑ ቀያይ ሰረዞች ነበሩ። ሰው የሚገድል ነገር እንዲህ ያምራል ብሎ ማን ነገረኝ?

"ስንት አየሽ?"

"ሁለት።"

"አራት ናቸው። ዓይንሽ ደስ ብሎታል፤ ደስ ያለው ዓይን መቁጠር አይችልም" አሉኝ።

የላብራቶሪው ሰዎች "አባ ጨፍን" ይሏቸዋል፣ በሌሉበት። ምላሷ ከመርፌዋ የሚብሰው ደም ቀጂ "እሳቸው ሲጨፍኑ ጀርሞቹ ቆመው አሜን ይላሉ" ትላለች። አንዱ እንቅልፍ ነው ይላል፤ ሌላው ሹመት ነው የሚለምኑት ይላል። እኔም በበኩሌ ጠረጠርኩ። ሰው በሥራ ቦታው፣ ሰው እያየው፣ በቀን ሦስቴ ለምን ይጸልያል? እንዲታይ ካልሆነ በቀር።

ከሳቸው በዕድሜ በጣም የሚያንሰው የላብራቶሪው ኃላፊ አንድ ቀን ወደ ቢሮው ጠራኝ።

"ስሚ እህቴ፣ አንቺ ከጀርባቸው ነሽ። በስንት ሰዓት እንደሚጨፍኑ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ ጻፊልኝ። ክፋት የለኝም። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

"እየጸለዩ ቢሆንስ?"

"ቢሆን እሰየው። ግን እንቅልፍም ዓይን ያስጨፍናል፤ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው። እንቅልፍ ከሆነ ከማይክሮስኮፑ አነሳቸዋለሁ። የሰው ነፍስ ነው፣ ቀልድ አይደለም።"

መጻፍ ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት፣ አራት ደቂቃ። ስድስት ሰዓት፣ አምስት ደቂቃ። ራሳቸው ዘንበል ይል እንደሆን፣ አተነፋፈሳቸው ይለወጥ እንደሆን እያየሁ ጻፍኩ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ ሲጨፍኑ ምን ይላሉ?"

ስቀው ስለ እናታቸው ነገሩኝ። እናታቸው የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። የፋብሪካው ፊሽካ በቀን ሦስቴ ይነፋል። "ፊሽካው ሲነፋ ሰው ሁሉ አለቃውን ይረግማል። እናቴ ግን እጇን ከክር ማጠንጠኛው ላይ አንስታ፣ 'ጌታዬ፣ አንተ እዚህ ነህ፤ እኔስ የት ነኝ?' ትል ነበር። እኔም አባታችን ሆይ እልና ያንኑ እጠይቃለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ እገኛለሁ። ገበያ ውስጥ፤ ከእህቴ ጋር ስጨቃጨቅ፤ ከሞተ ሰው ጋር ስሟገት። ልቤን እንደ ጠፋ ጥጃ እየነዳሁ አመጣዋለሁ። ስላይድ የማየው ከዚያ በኋላ ነው።"

መልሱ በጣም አማረኝ። ስላማረኝም የባሰ ጠረጠርኩት። እንዲህ ያለ መልስ ተዘጋጅቶበት ካልሆነ ከአፍ አይወጣም አልኩ። መጻፌን ቀጠልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሲጨፍኑ አንገታቸው ገተር ማለት ጀመረ። የተያዘ ሌባ አንገት መሰለኝ።

በየወሩ ከተመረመሩት ስላይዶች ጥቂቱ ወደ ትልቅ ላብራቶሪ ተልኮ እንደገና ይታያል። የዚያ ወር ውጤት ሲመለስ ከሳቸው ስላይዶች አንዱ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ንጹሕ ነው ያሉት ጀርም ነበረበት። ቀኑን ከመዝገቤ፣ ሰዓቱን ከወረቀቴ አገናኘሁ። ማክሰኞ፣ ልክ ከዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎት በኋላ የታየ። የአንዲት የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ አክታ ነበር። በስልክ ተጠርታ መጣች፤ አፏን በሻርፕዋ ሸፍና እያሳለች መድኃኒቷን ተቀበለች።

ወዲያው ኃላፊው ሁለታችንንም ጠራን። ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር።

"ጋሼ፣ ከላይ ማብራሪያ ጠይቀውኛል። ቀለሙ አርጅቶ ነበር ብያለሁ። ያረጀ ቀለም ስንቱን አሳስቷል። እዚህ ጋ ይፈርሙ፤ መጨፈኑን ደግሞ ይተዉልኝ። ወንበርዎ የእርስዎ እንደሆነ ይቀራል።"

"ቀለሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ደህና ነበር።"

"ታዲያ ተኝተው ነበር?"

"አልተኛሁም።"

"እየጸለዩ ነበራ!"

"ጨፍኜ ነበር። አልጸለይኩም።"

"እና ምን ሲያደርጉ ነበር?"

"የዚችን ልጅ እስክሪብቶ ሳዳምጥ።"

ወደኔ አላዩም። ጆሮዬ ጋለ።

"ስጨፍን ትጽፋለች፤ ስገልጥ ትጽፋለች። ሰሞኑን የጨፈንኩት ለእሷ ነው። እንቅልፍ እንዳይመስል አንገቴን አቀናለሁ፤ ጸሎት እንዲመስል ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። በዚያው ልብ መብራቱን አብርቼ ስላይዱን አየሁ። ዓይኔ ሌንሱ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ከኋላዬ ነበርኩ።"

ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "ስለዚህ ጥፋቱ የእኛ ነው እያሉኝ ነው?"

"ኧረ አይደለም። ያየሁት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ። ለእሷ የጨፈንኩበትን የሁለት ሳምንት ስላይዶች በሙሉ እንደገና ልያቸው።"

"ጋሼ! ራስዎን እየከሰሱ እኮ ነው። ሌላ ስህተት ከተገኘ እኔም አላድንዎትም።"

"ሌላ ሰው በደረቱ ይዞት እየዞረ ከሆነስ?"

ሦስት ቀን አዩ። እስክሪብቶዬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቁጭ አልኩ። እውነት ለመናገር ያን ጊዜም አላመንኳቸውም። እውነት የሚናገር ሰው ደስታ አለው፤ "እዩኝ" የሚል ደስታ። ያንን ከፊታቸው ላይ ስፈልግ ዋልኩ። የቀላ ዓይንና የደረቀ ከንፈር ብቻ አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ተጨማሪ ስላይድ ለይተው አወጡና ራሳቸው ይዘውት ወደ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ያኛውም ታካሚ በማግስቱ ተገኘ።

ደም ቀጂዋ ራሷን ያዘች። "ምን አስለፈለፋቸው! በገዛ እጃቸው!"

ኃላፊው ጨካኝ አልነበረም፤ ሁለት ስህተት ይዞ ግን መከራከር አልቻለም። ከሰኞ ጀምሮ ምድር ቤት፣ የዕቃ ማጠቢያው ክፍል እንዲሠሩ ተጻፈላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ያዩበትን ማይክሮስኮፕ ሸፍነው መነጽራቸውን፣ ጋዋናቸውንና አንድ ኩባያ በፌስታል ቋጠሩ። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተዋል።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ብዬሻለሁ፣ ልጄ።"

ቶሎ ነው ያሉት። በጣም ቶሎ። ከልብ ይሁን ከአፍ መለየት አቃተኝ።

"ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ።"

"ደግ አደረግሽ።"

ሰዓቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ቁጣ አልነበረም። አንድ ጊዜ የነከሰው ውሻ አጠገብ የሚያልፍ ሰው እንዲያ ነው የሚያየው።

"ደርሷል እኮ። እዚሁ ይጸልዩ፤ እኔ ወጥቼ በሩን እዘጋለሁ" አልኳቸው።

"ተይ፣ ተቀመጪ። ብትወጪም ከበሩ ኋላ የቆምሽ ይመስለኛል።"

ፌስታሉን አነሱ። ኮሪደሩ ላይ በሽተኛ የጫነ አልጋ እየተገፋ ሲመጣ ግድግዳውን ተጠግተው አሳለፉት፤ ከዚያ ወደ ምድር ቤት የሚወርደውን ደረጃ ያዙ። ኮቴያቸው፣ ከኋላው እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ቆም አለ፤ ሁለት ጊዜ ቀጠለ፤ እየራቀ ሄደ።