ከደቻቱ ማዶ እንዲሰማ

የልጅ ልጄ ነጂብ ያረጀ ኮምፒውተሩን ፈትቶ አዲስ ግራፊክስ ካርድ አስገባለት። ኃይል የሚሰጠው አሮጌው ፓወር ሰፕላይ አይችለውም ብሎ እሱንም በትልቅ ቀየረው። ሲያበራው የጋለ አቧራ ሸተተኝና ልቤ ወደ ደርግ ጊዜ ነጎደ።

አባቴ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ድምፅ ማጉያ አምጥቶ፣ "ጓድ፣ ይሄ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ አይሰማም፤ ጉልበት ጨምርለት" አለው። አባቴ ትራንስፎርመሩን ቀይሮ ሲሞክረው ያው ሽታ ቤቱን ሞላው።

እናቴ፣ "ባይሰማስ ምን ይቀርብሃል?" አለችው።

"ወንድሜን አስረውብኝ እምቢ ልበላቸው?"

ያኔ አልገባኝም።

በማግስቱ ማጉያው እርምጃ የተወሰደባቸውን ሰዎች ስም ይጠራ ጀመር። ድምፁ ጥርት ብሎ ማዶ ድረስ ይሄዳል። እኔ ለጎረቤት ልጆች "አባቴ ነው የሠራው" እያልኩ እኩራራለሁ። አራተኛው ስም የታሰረው አጎቴ የአብዲ ነበር። አባቴ እጆቹን ጭኑ መሃል ከትቶ፣ የመጨረሻው ስም እስኪጠራ ሰማ።

"እማ፣ ነይ እዪው፤ ምስሉ እንዴት እንደጠራ" አለኝ ነጂብ።

"ለማን ብለህ ነው ጉልበት የጨመርክለት?"

"ለራሴ ነዋ፣ ለጌም።"

"እንግዲያውስ ይሁን" አልኩትና ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።