ያልታዩት ማኅተሞች

በተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት መቶ ያህል ጉጉቶች ለጥፌ ነበር። ጉጉቶቹ የጥንት ግሪኮች አቴና ከተማ ውስጥ ከብር የሠሯቸው ሳንቲሞች ፎቶ ናቸው፤ በአንዱ ገጽ የሴት አምላካቸው ራስ፣ በሌላው ጉጉት አለባቸው። እኔ ዲላ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፤ የግሪክ ሳንቲም በእጄ ነክቼ አላውቅም። አንድ የውጭ አገር ተመራማሪን ግን በኢሜይል በጥያቄ ሳሰለቸው ከረምኩና፣ በመጨረሻ «እንግዲያው ይህን ምድብ አንተው ሥራው» ብሎ ፎቶዎቹን ላከልኝ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሬም አብሮ ስለሚጠፋ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኳቸው። የቤቱ ባለቤት ወረቀቶቹን እየሰጠችኝ «መምህር፣ ወፍ ጠፍቶብህ ነው?» አለችኝ። ከልቧ አዝናልኝ ነበር።

በዚያ ዘመን ሳንቲም የሚሠራው በእጅ ነው። ባለሙያው ምስሉን ብረት ላይ ይቀርጻል፤ ያ ማኅተም ይሆናል። ብሩን ከሥሩ አድርገው በመዶሻ ይመቱታል። ማኅተሙ ሲሰነጠቅ ሌላ ይቀረጻል፤ በእጅ ስለሆነም ሁለቱ ቁርጥ አንድ አይሆኑም። የትኞቹ ሳንቲሞች ከአንድ ማኅተም እንደወጡ የለየ ሰው ስንት ማኅተም እንደነበረ፣ ከዚያም ስንት ሳንቲም እንደተመታ ሊገምት ይችላል። እኔ ሁለት ወር አፍጥጬ የለየሁት ስድስት ጥንድ ብቻ ነው፤ አራቱን ደግሞ በማግሥቱ ተጠራጠርኳቸው።

አከራዬ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የጌዴኦ ሴት ናቸው። ሃያ ዓመት በቡና ማበጠሪያ ድርጅት ለቃሚ ሆነው ሠርተዋል፤ ጥቁሩን፣ የነቀዘውንና የተሰበረውን ፍሬ ከጥሩው ሲለዩ ኖረዋል ማለት ነው። ወርቃና አሪቻ ከሚባሉት ቀበሌዎች የመጣውን ቡና በዓይን ብቻ ይለያሉ ይባላል። አንድ ቀን የውሃ ቧንቧ ሊያሳዩኝ ገብተው ግድግዳውን አዩና «በኢየሱስ ስም!» ብለው ወጡ። ቧንቧውን ሳላይ ቀረሁ።

በማግሥቱ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ሽማግሌና ሦስት ሴቶች ይዘው መጡ። ሽማግሌው በትሕትና «መምህር፣ ለወፎቹ ልንጸልይ ነው» አሉኝ።

«ለወፎቹ ወይስ በወፎቹ ላይ?» አልኩ።

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጸሎት ጀመሩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የት መቆም እንዳለብኝ ስላላወቅሁ አልጋዬና ጠረጴዛዬ መሃል አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እርኩስ መንፈስን ሲገሥጹ አከራዬ ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ።

«ይሄና ያቺ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አሉ።

ጸሎቱ ቆመ። በጣታቸው ያሳዩኝ ሁለት ጉጉቶች አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከበሩ ጀርባ ነበር። አጉሊ መነጽሬን አምጥቼ አየሁ። በሁለቱም ላይ ከምንቃሩ ሥር ያችው ፀጉር የምታክል የማኅተም ስንጥቅ ነበረች።

«ይቺም የእነሱ ናት። ይሄ ግን አይደለም፤ ዓይኑ ሌላ ነው።»

ሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው መነጽሩን ተቀበሉኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከአንደኛዋ ሴት ጋር ከጉጉቱ ጎን ስለተቀረጸ አንድ የወይራ ቅጠል ይከራከሩ ጀመር። የመጡበትን ጉዳይ ያስታወሰ የለም።

ከዚያ ወዲያ አከራዬ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይመጡ ነበር። ጉጉቶቹን ከግድግዳ አንሥተን ጠረጴዛ ላይ እንደ ቡና በተንናቸው፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ይለቅሙ ጀመር። በሦስት ሳምንት ሠላሳ ሰባት ክምር ሆነ፤ አንዱ ክምር አንድ ማኅተም ነው። እኔ እያንዳንዱን በመነጽር አረጋግጣለሁ፤ አንድም ጊዜ ሲሳሳቱ አላገኘሁም።

«አሁን ያላየናቸው ማኅተሞች ስንት እንደሆኑ ማስላት አለብን» አልኳቸው።

«ያላየኸውን እንዴት ትቆጥራለህ?»

ምሳሌ ፈለግሁ። «በር ላይ ቢቀመጡና የሚያልፈውን ባጃጅ ቢያዩ፣ ያው ባጃጅ ደጋግሞ ካለፈ ከተማው ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። የሚያልፈው ሁሉ አዲስ ከሆነ ግን ገና ያላዩት ብዙ አለ።»

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተር ይዘው አገኘኋቸው። ከባጃጆቹ ኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ እያዩ ምልክት ያደርጋሉ። በሁለተኛው ቀን ሾፌሮቹ መጠርጠር ጀመሩ። አንዱ ቆሞ «እማማ፣ ከግብር ነው ከትራፊክ?» ሲላቸው «ከግሪክ ነው» ብለው መለሱለት። በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ሁሉ በኋለኛው መንገድ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ከገበያ የያዘውን ተሸክሞ ከዋናው መንገድ በእግሩ እየመጣ እኔን በክፉ ዓይን ያየኝ ጀመር።

አከራዬ ደብተራቸውን ዘጉ። «በአንተ ሂሳብ መሠረት ዲላ ውስጥ ያለው ባጃጅ አራት ነው» አሉኝ።

የጉጉቶቹን ሂሳብ ግን ሠራሁት። ያላየናቸው ማኅተሞች ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ውጤት ወጣ። አከራዬ ቀጥለው የጠየቁኝን ፈርቼው ነበር።

«አንዱ ማኅተም ስንት ሳንቲም ይመታል?»

«በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። አንዱ ሊቅ የሚለውን ሌላው ሦስት እጥፍ ያደርገዋል።»

«ታዲያ ዓይናችንን ያጠፋነው ለምንድን ነው?»

ሻይ አፈላሁ።

ውጤቱን ለተመራማሪው በላክሁ ጊዜ፣ የለየችው የሥራ ባልደረባዬ ሃያ ዓመት ቡና የለቀመች ናት ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በሳምንቱ መጣ። እሱ ለየብቻ አድርጎ የመዘገባቸው ሦስት ማኅተሞች በእርግጥ አንድ መሆናቸውን አምኖ፣ «ቡና ለቀማ» የተባለው የምርምር ስልት በእነሱ ዘንድ ስለማይታወቅ በጽሑፍ እንዳብራራለት ይለምነኛል። ለአከራዬ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። የገረማቸው ሰውየው ሳያውቀው መቅረቱ ብቻ ነው።

የዚያን እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ጋበዙኝ፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሥተው ወጡና ማይክሮፎን ያዙ።

«ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ሠላሳ ሰባት ማኅተም አሳይቶኛል።»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

«ያላየኋቸውም አሉ። መምህሩ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ናቸው ብሏል።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መጋቢው ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «እንግዲህ ላልታዩት እንጸልይ» አሉ። ጉባኤው በሙሉ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ።