ጡሩምባ ችሎት ፊት

ጡሩምባ የሚሏት ልብስ ሰፊ ስታንሾካሹክ እንኳ ሦስት ሱቅ አልፎ ይሰማል። ምስጢር የሚያዋያት የለም፤ እሷም በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ሰፈሩን ታስቃለች።

ያ የተረገመ ቀን ግን ሳቅ አልነበረበትም። ሁለት ጎረምሶች ጎረቤቷን ጫማ ሰፊውን በጠራራ ፀሐይ ሲቀጠቅጡት፣ ከስፌት መኪናዋ ብድግ ብላ "ኧረ የሕግ ያለህ!" አለች። ከመንገዱ ማዶ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ አንድ ፖሊስ ከነደንብ ልብሱ ተቀምጧል። የታናሽ እህቷ ባል ነው። ቀና ብሎ አየና መልሶ ብርጭቆው ላይ አቀረቀረ። የጫማ ሰፊው ክንድ ተሰበረ።

ፖሊሱ ግዴታውን ባለመወጣት ተከሰሰ። ሰፈሩም ጭቅጭቅ ያዘ።

"ሰው ባልሠራው እንዴት ይከሰሳል?" ይላል ሥጋ ሻጩ።

"ባለመሥራቱ ነዋ! ደመወዙ ሻይ ሊጠጣበት ነው እንዴ?" ይላል ጫማ ሰፊው፣ ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ።

ጡሩምባ ለምስክርነት ተጠራች። እውነቱን ብትመሰክር የእህቷ ቤት ሊፈርስ ነው፤ ብትዋሽ ደግሞ ጫማ ሰፊውን በምን ዓይኗ ታየዋለች? እህቷ እንደሆነች ከክሱ ወዲህ ደጇን አልረገጠችም።

በችሎቱ ቀን ጠበቃው "ደንበኛዬ ምንም ጩኸት አልሰሙም" ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ወደ ጡሩምባ ዞሩ።

"እንዴት ነበር የጮኹት? እስቲ ያሰሙን።"

እህቷን ከኋላ ወንበር ላይ አየቻትና "የሕግ ያለህ..." አለች፣ ከትንኝ በማይሻል ድምፅ።

ጠበቃው ፈገግ አለ። "ይህንን ማን ይሰማል፣ ክብርት ዳኛ?"

ይኼኔ እህቷ ተነሳች። "እትዬ፣ ምን ነካሽ? እንደ ልማድሽ ጩኺ እንጂ! እኔ እንኳ ያን ቀን ጓዳዬ ሆኜ ሰምቼሻለሁ!"

"ኧረ የሕግ ያለህ!"

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የውጭው ዘበኛ ዱላውን ይዞ "የታል? ማነው?" እያለ እየሮጠ ገባ። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ፤ ዳኛዋም አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ።

ተከሳሹ ብቻ አልሳቀም። ቁና ቁና የሚተነፍሰውን ሽማግሌ ዘበኛ ሲያይ ቆየና ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ሰምቻለሁ፣ ክብርት ዳኛ። እነሱ ሁለት ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ ብዬ ፈራሁ።"

ችሎቱ ሲበተን ጡሩምባ እህቷ ጋ ሄዳ "ቤትሽን አፈረስኩብሽ" ብላ አለቀሰች።

"የለም፣ እትዬ" አለች እህቷ፣ የራሷንም ዕንባ እየጠረገች እየሳቀች። "ፈሪ ቢሆን ባሌ ነው። ከውሸታም ጋር ማደር ነበር ያቃተኝ።"